በማን ክንድ?

ኢክራም ለግምገማው የለበሰችው አዲስ ሻሽ ገና በጠዋቱ በላብ ርሷል። የዶክትሬት ጥናቷ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የጀጎል ጉድጓዶች ውሃ ምን ያህል እንደሚወርድና እንደሚወጣ በየሳምንቱ መከታተል ነው ሥራዋ። አምና ገምጋሚዎቹ ቅጹ ላይ «አጥጋቢ አይደለም» ብለው ጽፈውባታል። ዘንድሮ ከደገሙት ጥናቱ ይቋረጣል፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ዶክተር ኤልሳዕ ደግሞ ጣታቸውን ግራፏ ላይ ተክለው አልነቅልም ብለዋል። ቁጥር ከተጠራጠሩ ምሳ የማይቀምሱ ገምጋሚ ናቸው።

«ይሄ ፈላና በር አጠገብ ያለው ጉድጓድ በአንድ ሳምንት ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። አራት ወር እታች ይቆይና በአንድ ሳምንት ተመልሶ ይወጣል። ውሃው ነው የዘለለው ወይስ አንቺ?»

ኢክራም እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ አልነበራትም። ሌሎቹ ጉድጓዶች መሣሪያ ተተክሎላቸው ራሳቸው ይመዘግባሉ፤ ይሄኛው ግን በእጅ ነው የሚለካው። አራቱ ወር ደግሞ እሷ ወልዳ የተኛችበት ነው። ሜትሩን ለግቢው ባለቤት ለእማማ ፋጡማ ሰጥታ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከእጃቸው አምልጦ ጉድጓድ ገባ። እሳቸው ግን ሥራ አልፈቱም። በየጁምዓው ድንጋይ ያሰሩበትን ገመድ ያወርዱና ያልረጠበውን በክንዳቸው ለክተው ይደውሉላታል። አስራ ዘጠኝ ክንድ፣ አስራ ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። እሷም ትምህርት ቤት እንደተማረችው አንዱን ክንድ ግማሽ ሜትር ብላ አባዛችው። ሪፖርቱ ላይ ስለ ክንዱ አንድም ቃል አልጻፈችም፤ አፍራ ነበር።

አማካሪዋ ዶክተር ሙሉጌታ እስካሁን አንገታቸውን ደፍተው ነበር። አሁን ቀና አሉ።

«በማን ክንድ?»

ኢክራም ከወንበሯ ብድግ አለች። እማማ ፋጡማ ቁመታቸው ከትከሻዋ አያልፍም። እንዴት እስከ ዛሬ አልታያትም?

«ሄጄ ልለካቸው» አለች። «አንድ ሰዓት ስጡኝ።»

«ብቻሽንማ አትሄጂም» አሉ ኤልሳዕ፣ ኮታቸውን እያነሱ።

እስከ ፈረስ መጋላ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ኢክራም በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ስትበር ዶክተር ኤልሳዕ እያለከለኩ ይከተሏታል። ከወለደች ወዲህ እንዲህ ሮጣ አታውቅም። እማማ ፋጡማን ግቢያቸው ውስጥ አገኘቻቸው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እማማ። ክንድዎን ፈልገን ነው።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ክንዴ ምን አጠፋ?»

ነገሩን አስረዳቻቸው። ኤልሳዕ ሜትራቸውን ይዘው ጠጋ ሲሉ እማማ ፋጡማ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ከተቱ።

«እጄን አይደለም የሚለኩት፣ ዶክተር። ገመዱን ነው።»

ገመዱን አመጡና እንደ ጁምዓው ሁሉ ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ አስራ ዘጠኝ ጊዜ ለክተው ቋጠሩበት። ኤልሳዕ መሬት ተንበርክከው ሜትሩን ዘረጉ። ስምንት ሜትር ከሠላሳ ስድስት። ኢክራም ከመውለዷ በፊት መጨረሻ የለካችው ስምንት ሜትር ከሠላሳ አምስት ነበር።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ሠላሳ ሰባት። ሦስተኛው ላይ ሠላሳ አምስት። ያ ኮስታራ ሰውዬ ጉልበታቸው አፈር መምሰሉንም ረስተው ስልካቸው ላይ ያካፍላሉ።

«አንዱ ክንድ አርባ አራት ሴንቲ ሜትር ነው» አሉ። «በይ አባዢው፣ ቶሎ በይ።»

ኢክራም ላፕቶፗን የጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጣ አራቱንም ወር በአርባ አራት አባዛች። ዝላዩ ጠፋ። መስመሩ በዚህም በዚያም ጫፍ ገጠመ።

ኤልሳዕ ቅጹን አውጥተው ጭናቸው ላይ ሞሉት። «አጥጋቢ» አሉ። ከሥሩም ጻፉበት፦ «ከእንግዲህ ክንድ ሲባል የማን እንደሆነ ይመዝገብ።»

«ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ እማማ ፋጡማ።

«አለፍን» አለች ኢክራም እንባዋን እየጠረገች። «አለፍን፣ እማማ።»

«ታዲያስ» አሉ ገመዳቸውን እየጠቀለሉ። «እኔ መች አንድ ጁምዓ አሳለፍኩ?»