ያለ አንዲት ጠብታ

ሐኪሙ የደረቷን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና፣ "ሥራሽን ካልቀየርሽ ይሄ ሳል አይለቅሽም" አላት።

አሥራ ስድስት ዓመት በመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ የሠራች ኬሚስት ናት። ዱቄት ከዱቄት ጋር እንዲዋሃድ በፈሳሽ ይሟሟል፤ ፈሳሹ ይተናል፤ ትነቱን እሷ ትተነፍሰዋለች። ከሥራ ስትመለስ ትንሿ ልጇ እየሮጠች መጥታ ታቅፋትና፣ "እማዬ፣ ዛሬም ቀለም ቀለም ትሸቻለሽ" ብላ አፍንጫዋን ትይዛለች።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጡረታ የተቃረቡ ሽማግሌ ናቸው። ሲለኩ አንድ ጠብታ ስለማያሳልፉ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ጠብታ ይላቸዋል። የሐኪሙን ወረቀት አንብበው መለሱላት።

"መዝገብ ቤት ክፍት ቦታ አለ። ምን ይደረግ፣ ጤና ይቀድማል።"

"ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልሞክር። ያለ ፈሳሽ፣ እንዲሁ በደረቁ ፈጭቶ ማዋሃድ ይቻላል የሚል ጽሑፍ አንብቤያለሁ።"

"ሳይሟሟ? ወጥ ቤት አደረግሽው እንዴ?"

"አንዲት ሙቀጫ ብቻ ይፍቀዱልኝ።"

ሳቅ ብለው ፈቀዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጓንቷን አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና አየር መሳቢያው ሥር ቆመች። መዳፍ በምታክል የሸክላ ሙቀጫ ውስጥ ሁለት ዱቄቶች መዝና ጨመረች፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ገርጣ ያለ። መፍጨት ጀመረች። ጋሽ ጠብታ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከጎኗ ቆመዋል። ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። ክንዷ ዛለ። ልትተወው ስትል ከዘነዘናው ሥር ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ቢጫው ሰፋ፤ ወደ ብርቱካንማ ዞረ። ከዚያ ደረቁ ዱቄት ረጥቦ እንደ ማር የሙቀጫውን ግድግዳ ያዘ።

"ውሃ ጨመርሽ?"

"ኧረ ምንም። እዚሁ ቆመው እያዩኝ አይደል?"

መፍጨቷን ስትቀጥል መልሶ ደረቀ። ነጩም የለም፣ ገርጣውም የለም፤ የቀረው ብርቱካንማ ዱቄት ብቻ ነው። የሚተን የለ፣ የሚደፋ የለ። ስንት በርሜል ፈሳሽ እየፈጀች ስታገናኛቸው የኖረችው ነገሮች፣ ለካ መነካካት ብቻ ይበቃቸው ኖሯል።

ጋሽ ጠብታ በዓይን አይተው ብቻ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ቅንጣት ያህሉን በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ከተው አሞቁት። ያልጠራ ነገር ሙቀቱ ሳይደርስ መለስለስ ይጀምርና ቀስ በቀስ ይቀልጣል፤ ይህ ግን ጽሑፉ ያለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ባንዴ ቀለጠ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አርባ ዓመት ሙሉ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አንድ ቀን እንኳ በእጄ አልሞከርኩትም። እስቲ አምጪው።"

ሙቀጫውን አጠበችላቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ቆመው ፈጩ።

መዝገብ ቤት ሌላ ሰው ተመደበ። በዓመቱ ላቦራቶሪው የመፍጫ ማሽን ተተከለለት፤ ሳሏም ቀለል እያለ ሄደ። አንዳንዱ ዱቄት ግን እስከ ዛሬ በደረቁ አልዋሃድም፣ አሻፈረኝ እንዳለ ነው፤ እሱን ገና እየለመነችው ነው።