ቦታዋ ላይ ያረፈው ቤት

ነሐሴ ሲጋመስ አርባ ምንጭ ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው ጌታ ነው። ደጋው ላይ ሲያወርደው የሚውለው ዝናብ ከተማው ላይ ለሰላምታ ያህል ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ነው። ዕድላዊት በ2005 ዓ.ም. ክረምት ይህን ጌትነት በደንብ አጣጣመችው። ጠዋት ከጓደኛዋ ከቲጂ ጋር በእግሯ አባያ ዳር ትወርዳለች፤ ከውሃ የወጣ አሳ እዚያው አስጠብሳ፣ ጣቷን እየላሰች ትበላለች። ከሰዓት ሴቻ ሰፈር፣ እናቷ ደጅ፣ እግሯን ዘርግታ እሸት በቆሎ ስትግጥ ይመሻል።

«ቻይና ግን እሸት ይኖር ይሆን?» ትላለች።

«ቻይና የማይሠራው ምን አለ ብለሽ! ከፕላስቲክ ይሠሩልሻል» ትላታለች ቲጂ፤ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ጉዞው ጳጉሜን ሁለት ነው። ሁለት ዓመት፣ የውሃ ምህንድስና ማስተርስ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ። ፓስፖርቱ ወጥቷል፣ ቪዛው ተመቷል፣ እናቷ ሻሺቱ የበርበሬ ዳጣውን በጠርሙስ ጠቅጥቃ ሻንጣው ውስጥ ወትፋለች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዶርዜ ወጥቶ ከአያቷ ከአባባ ኦይታ ምርቃት መቀበል።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ምርቃቱ ብቻ አልነበረም። ዕድላዊት የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ፣ ሸማ ሊሠራ የሄደበት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ታሞ እዚያው ሞተ። የዚያን ዓመት መስቀል አባባ ኦይታ እጇን ይዘው ከቀርከሃው ጥግ ወዳለች ቁራሽ መሬት ወሰዷትና፣ «ይቺ የአባትሽ ነበረች፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናት» አሏት። አጎቷ ካሱ ሳቀ። ሴት ልጅ ቦታዋ ባሏ ዘንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነውና ቢስቅ አይፈረድበትም። እሷ ግን ያቺን ቃል እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አስራ አደገች። ቤት አልሠራችባት፣ ጎመን አልተከለችባት። ብቻ የየት አገር ሰው ነሽ ባሏት ቁጥር ዓይኗ ላይ የሚመጣው ያ ባዶ ሣር ነበር። አሁን አገር ልትለቅ ስትል ፍርሃት ገባባት። አባባ «አሁንም ያንቺ ናት» ካሏት ቻይና አይደለም ጨረቃም ትሄዳለች። ካላሏትስ? ካላሏት ከአባቷ ወገን ጋር ምን ቀራት?

«መሬት መሬት ብለሽ ሽማግሌውን እንዳታስቀይሚ!» አለቻት እናቷ። «ደግሞ ለመስቀል እንደማትኖሪ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።»

ይሄኛው የባሰ ነው። የጋሞ ሰው ለመስቀል ቤቱ ካልገባ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል፤ ሌላ ሰበብ አይታወቅም።

ቅዳሜ ማለዳ የጨንቻ ሚኒባስ ተሳፈረች። ግማሽ መንገድ ላይ ሹራቧን ደረበች። ዶርዜ ስትወርድ ጉሙ መሬት ላይ ተነጥፎ አምስት እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም። ግድ የላትም፤ መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። በጎረቤታቸው በአጵሎስ አጥር አልፋ፣ ቦዩን ተሻግራ፣ የእንሰቱን ቅጠል በክንዷ ገፋ አድርጋ ግቢው ውስጥ ገባች።

ቤቱ የለም።

እንዴ! ተመልሳ ወጣች። አጥሩን አየች፤ ያው ነው። እንሰቱም ያው ነው። እንደገና ገባች። ያ ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ጫፉ ላይ የማይደርስ፣ ከሥር እስከ ጫፍ በቀርከሃ የተጠለፈ ቤት በቆመበት ቦታ ላይ ክብ ጥቁር አፈር ብቻ ቀርቷል። መሐሉ ላይ የምድጃው አመድ ዝናብ መትቶት ጭቃ ሆኗል። ቤት ይጠፋል? ሰው ሲጠፋ ታውቃለች፣ ላም ስትጠፋ ታውቃለች። አባባ ሞተው ይሆን? ሞተው ቢሆን ማን ይደብቃታል? ወይስ ሸጡት? ቆማ ዞረች፣ ዞራ ቆመች።

«ማነው እሱ?» አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ። ጎረቤቷ እትዬ ወለቴ ናቸው፤ የእንሰት ቅጠል ተሸክመው ብቅ አሉ። «ዕድላዊት! ውይ የኔ ልጅ፣ መጣሽ?»

«እትዬ ወለቴ፣ ቤቱ የታለ?»

«ቤቱማ ሄደ።»

«የት ሄደ? አባባስ?»

«አብረው ነዋ የሄዱት! ምስጡ ሥሩን በልቶ ጨረሰው፤ የተበላውን ቆርጠው ጣሉና ተሸክመው ወሰዱት። ይኸው ሳምንቱ።»

ዕድላዊት ትንፋሿ ተመለሰ። የዶርዜ ቤት እንደሚነሳ እንዴት ረሳችው? ምስጥ ሲበላው ከሥሩ ይቆረጣል፣ አገሩ ይጠራል፣ ግማሹ ሰው ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ይይዝና ቤቱ ልክ እንደ ትልቅ ዔሊ ይሄዳል። ከተማ ኖሮ ሰው ይደነዝዛል! በራሷ ልትስቅ ቃጣት።

«ታዲያ ወዴት ወሰዱት?»

እትዬ ወለቴ ሸክማቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። ዓይናቸው ሸሸ። «ወደ ታች ነው... ከቀርከሃው ጥግ። አንቺ አልሰማሽም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አገር የሰማውን እሷ አልሰማችም።

ቁልቁል ስትሮጥ አንዴ ወደቀች፤ ጉልበቷ ጭቃ ሆነ። ከቀርከሃው ጥግ ስትደርስ ጉሙ ትንሽ ሳሳ። ቤቱ እዚያው ነው፤ አንድ ክንድ ያህል አጥሮ፣ ጭሱን በጣሪያው እያሳለፈ፣ ቦታዋ መሐል ላይ ተቀምጧል። ዳር ላይ አይደለም፣ ጥግ ላይ አይደለም፣ ልክ መሐሉ ላይ! ዙሪያውን አጥር ታጥሯል፤ ችግኝ እንሰት በረድፍ ተተክሏል። አሥራ አምስት ዓመት በሐሳቧ የተራመደችበት ሣር አንድ መዳፍ እንኳ አልተረፈላትም።

አጎቷ ካሱ አጥሩ ላይ ካስማ እየመታ ነበር። ሲያያት መጥረቢያውን ወደኋላው አደረገ፣ እንደ ሌባ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ የለሁበትም» አላት ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ። «እኔ ጓሮ ይሁን አልኳቸው። የለም አሉ። ዳር ላይ እናድርገው አልኳቸው፤ መሐሉ ላይ አሉ። ሃምሳ ሰው ቤት ትከሻው ላይ ተሸክሞ ቆሟል፣ እሳቸው በዱላቸው መሬት እየመቱ "ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚህ" ይላሉ። ለአርባ ምንጭ ሰዎች ማንም እንዳይነግር ብለውም አስጠንቅቀውናል።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሴት ልጅ ወደ ባህር ማዶ ከሄደች መሬቱ ጾሙን ለምን ይደር ብለው ይሆናል።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፈገግታ ቢጤ አለፈ። ዕድላዊት በጥፊ የተመታች ያህል ጉንጯ ጋለ።

ውስጥ ገባች። አባባ ኦይታ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካሉ። ሲያዩዋት እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ወጥተው አቀፏት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ጭቃዋን በመዳፋቸው አራገፉላት። እሳቱ ዳር አስቀመጧትና ራሳቸው በቆሎ እየላጡ ፍሙ ላይ ደረደሩላት። ያ ሁሉ ቁጣዋ መውጫ አጣ። የሰው መሬት የነጠቀ ሰው እንዲህ ይስቃል?

«ቻይና እንሰት አለ?» ጠየቋት።

«የለም መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ? ሩዝ? ምስኪኖች!» እሸቱን ገለበጡላት። «ዝናብስ? በአውሮፕላኑ ላይ ዝናብ ቢመጣ እንዴት ነው?»

መለሰችላቸው፤ ምን እንደመለሰች ግን አታውቀውም። ውጭ ዝናቡ ጀመረ፤ በእንሰት ቅጠል በተከደነው ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ለስላሳ ነው። ጭሱ፣ የእሸቱ ሽታ፣ የሽማግሌው ጨዋታ፣ ሁሉም የድሮው ነው። ይህ ደስታ ቦታዋ ላይ ባይሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባላት! እየበላች ትናደዳለች፣ እየተናደደች ትበላለች። ነገሩ ውሉ ጠፋባት። ተቀይመውኝ ነው? ካቀየምኳቸው ለምን ይላጡልኛል? ወይስ ረስተውታል? ሰው እርጅና ሲጫነው መሬቱ የማን እንደሆነ ይረሳል?

«መቼ ነው የምትመለሺው?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ አባባ። ለመስቀል አልኖርም።» ቀስ ብላ ልትነግራቸው ነበር፤ ቀስ አላለችም።

«ሁለት መስቀል» አሉ። ዱላቸውን አንስተው እሳቱን ቆሰቆሱ።

ካሱ ዝናቡን ሸሽቶ ገብቶ በር ላይ ቆመ። ዕድላዊት እሱን ስታይ የታፈነው ነገር ፈነዳ።

«አባባ፣ ቦታዬን ለምን ወሰዱብኝ?»

እናቷ ብትኖር ኖሮ አፏን በእጇ ትከድንላት ነበር።

«ወሰድኩብሽ» አሉ አባባ ኦይታ። «አዎን፣ ወስጄብሻለሁ።»

ዕድላዊት ይክዱኛል ብላ ነበር፣ ያብራሩልኛል ብላ ነበር። እንዲህ በግልጽ ያምናሉ አላለችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሳ ስትል እጃቸው ክንዷን ያዘ።

«ቁጭ በይ። አባትሽ ሽሮ ሜዳ ሊወርድ ሲል እዚህ እሳት ዳር እንዳንቺ ተቀምጦ ነበር። "ቦታዬን አደራ አባባ" አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኝ ነኝ፤ "ሂድ ልጄ፣ ሣሩን እንኳ ሰው አይረግጠውም፣ እጠብቅልሃለሁ" አልኩት። ጠበቅሁለት። በመጀመሪያው መስቀል መጣ። በሁለተኛው ሥራ በዛ አለ። በሦስተኛው ሰው ላከ። ለምን ይቸኩላል? ቦታው ይጠብቀዋል፣ አባቱ ይጠብቀዋል። የተጠበቀለት ሰው አይቸኩልም። ሰባት ዓመት ባዶ ሣር ስጠብቅ ቆይቼ ሬሳውን ተቀበልኩ።»

ድምፃቸው ተሰበረ። ዕድላዊት ይህን ሰምታ አታውቅም፤ አባቷ ቦታ ጠብቁልኝ ያለ ሰው መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር።

«አንቺን ግን አልጠብቅልሽም» አሉ ቀና ብለው። «ወስጄብሻለሁ። ንደጂ! ቻይና ውስጥ ሌሊት እንቅልፍ ይንሳሽ፣ "ያ ሽማግሌ መሬቴ ላይ ተጎልቷል" እያልሽ ተብሰልሰይ። ከዚያ መጥተሽ አስነሺኝ።»

ዕድላዊት መሳቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገባት፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጡባት።

«እኔ ማንን ነው የማስነሳው? እርስዎን?»

«እኔን። ይህ ቤት ሲነሳ ሰው የሚጠራው የቦታው ባለቤት ነው። እስቲ አሁን ንገሪኝ፤ የማን ቦታ ላይ ነው የተቀመጥኩት?»

ካሱ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ዕድላዊት መጀመሪያ እሱን አየችው፣ ከዚያ ሽማግሌውን። እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«የኔ ላይ ነው የተቀመጡት» አለች።

«አልሰማሁም።»

«የኔ ቦታ ላይ ነው የተቀመጡት! በሁለት ዓመት ስመለስ ይነሱልኝ!»

አባባ ኦይታ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ሰማህ ካሱ? ባለቤቷ ተነሱ ብላኛለች። እሷ መጥታ ሰው እስክትጠራ ድረስ እኔ ብኖርም ብሞትም ይህን ቤት የሚነካ እንዳይኖር።»

ካሱ አንገቱን ደፋ። «ሰምቻለሁ አባቴ» አለ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ነው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ የጀመሩት።