አርነን የምታጥበው ሴት

መፍቱሃ ትሮስተሩድ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ ሲክየም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ፣ አርነን ማጠብ የእሷ ዕዳ ሆኖ ቀረ። አርነ ዕድሜውን ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርድ የኖረ፣ አእምሮው የከዳው ግዙፍ ሽማግሌ ነው። ልብሱን ሲያወልቁለት የሚዘርፉት እየመሰለው ይማታል። አንድ ጊዜ የእጇን አንጓ ነክሶ አድምቷታል፤ ሌላ ጊዜ በክርኑ ብሎ ከንፈሯን ሰንጥቆታል። ለኃላፊዋ ብትነግራት፣ በሽተኛ ነውና አትቀየሚው አለቻት። ሌሎቹ ሠራተኞች ለአንቺ ይገራል እያሉ ከበሩ ይሸሻሉ።

አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ሴት ልጁ ኢንግሪድ ልትጠይቀው መጣች። አርነ አላወቃትም። ሌባ መሰለችውና የዳቦውን ቢላ ይዞ ተነሣባት። ኢንግሪድ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀረች። መፍቱሃ የያዘችውን ሰሃን ጥላ መሐል ገባች። ቢላው ክንዷን ሸረከተው። በደም በራሰ እጇ ቢላ የያዘበትን አንጓ ጨምቃ ያዘች፤ እሱ በሌላው ቡጢ ጎኗን ደጋግሞ ነረታት። የጎን አጥንቷ ሲሰበር ተሰማት። ተያይዘው ሲወድቁ፣ ዳሌው እንዳይሰበር ብላ ራሷን ከሥር አደረገች።

የሥራ ባልደረባዋ አቢ ሮጦ መጥቶ ቢላውን ቀማው።

«ልቀቂው እህቴ፣ ይዤዋለሁ» አላት። ጣቶቿ ግን አልላቀቅ አሉ።

ድና ስትመለስ ኃላፊዋ ቢሮ ጠራቻት። መፍቱሃ ምስጋና ጠብቃ ነበር። ሴትዮዋ ግን ያን ዕለት እሱን የሚያስቆጣ ነገር አድርጋ እንደሆነ ጠየቀቻት። መፍቱሃ እጅጌዋን ሰብስባ ጠባሳዋን አሳየቻት።

«ከእንግዲህ ብቻዬን አልገባም» አለች።

ኃላፊዋ የሰው እጥረት አለብን ብላ ልትከራከር ስትጀምር፣ መፍቱሃ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አርነ ክፍሉ ውስጥ ይጮሃል፣ ግድግዳ ይደበድባል። መስተዋት ሲሰበር ተሰማ። ጩኸቱ አንጀቷን በላት፤ ቢሆንም አልተነሣችም። በመጨረሻ ኃላፊዋ ራሷ ልታጥበው ገባች። ስትወጣ አፍንጫዋ ይደማ ነበር፤ መፍቱሃን ቀና ብላ አላየቻትም።

ከማግስቱ ጀምሮ አቢ አብሯት ተመደበ። ስለ ቢላው ቀን ያነሣ አንድም ሰው የለም። አቢ የአርነን እጆች እያሻሸ ሲያጫውተው፣ እሷ አጥባ አለበሰችው። ሳትመታ ወጣች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትደርስ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።