የጉማጁ ብረት

ዱፊ በዘመድ አዝማድ ፊት የቤቱ ሴቶች አለቃ ሆና ልትሾም አራት ቀን ሲቀራት፣ ጠራቢውን ባዱን አስጠርታ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ያለውን አሮጌ ጉማጅ በርጩማ አድርግልኝ አለችው። በኩማሲ ከተማ አካባቢ ሹመት ያለ በርጩማ አይሆንም፤ የባለቤቱ ነፍስ እዚያ ላይ ታርፋለች። ሌላው ሰው ከነጭ እንጨት ያስጠርባል። የዱፊ እናት ግን ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ጉማጅ ላይ ተደላድላ ስትወቅጥ፣ ፉፉ የሚሉትን የካሳቫ ገንፎ ስታገላብጥ ነው የኖረችው፤ እናቷ ያልተቀመጠችበትን እንጨት ዱፊ አልፈለገችም።

«እማ ዱፊ፣ ይሄ እኮ ከአያቴ ግንባር ይጠነክራል» አለ ባዱ መጥረቢያውን እየሳለ።

«አንተ ምላስህን አሳርፍና እጅህን አሠራ።»

ከጉማጁ ጎን ግማሽ ቀለበት የመሰለ ብረት ወጥቷል። ዱፊ ከልጅነቷ ጀምሮ የእቃ ማጠቢያ ጨርቅ የምትሰቅለው እዚያ ላይ ነበር። ባዱ ሊነቅለው ታገለ፤ አልሆነለትም። ገልብጦ ሲያየው የብረቱ ሁለት እግሮች እንጨቱን በስተው ወጥተው፣ በወዲያኛው በኩል ተቀጥቅጠው ታጥፈዋል። ለጨርቅ መስቀያ አንድ ምስማር ይበቃ ነበር። ይህን ያህል ማን ደከመ ሲል ጠየቀና መዶሻውን አነሣ።

«ባዱ፣ ተው» የሚል ድምፅ ከጥላው መጣ። ናና ፍሬማ ናቸው፤ ዓይናቸው በመጥፋቱ ሹመቱን ለዱፊ የሚለቁት አሮጊት። ብረቱን በድምፁ ለይተውታል።

ዱፊ ምክንያቱን ጠየቀች። የሌላውን ሰው ዘር ከየት እንደመጣ መናገር በዚያ አገር ከጥንት ነገሥታት ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ድሮ አንገት ያስቆርጥ ነበር። ናና ፍሬማም ይህን ሕግ ዘጠና ዓመት ጠብቀውታል። ወደ ጉማጁ እየዳበሱ መጡና የዱፊን ቀኝ እጅ ያዙ። ጣቶቿን ሰብስበው እጇን በብረቱ ውስጥ አሾለኩት።

የእጇ አንጓ ልክክ ብሎ ገባ።

ስልሳ ዓመት ጨርቅ የሰቀለችበት ብረት የእጇን አጥንት ያውቀዋል።

«የማን ነው?» አለች።

«እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ እጅሽን ብቻ ነው ያነሣሁት።»

«ሌባ ነበረች?»

«ሌባ ይቀጣና ይለቀቃል። ይሄ ወደ ሰሜን፣ ወደ አገሯ ለምትሮጥ ነው፤ አንጓዋ ላይ ቀጥቅጠው ያሰሩበት። ሦስት ጊዜ ሮጣለች። በሦስተኛው ጉማጁን በራሷ ላይ ተሸክማ ወንዙ ድረስ ደርሳ ነበር፤ ሆዷ ውስጥ ደግሞ አያትሽ።»

«ስሟስ?»

«እዚህ ያወጡላትን ነው የማውቀው። እሱን ከአፌ አላወጣም።»

ባዱ ጆሮዬ በፍቅፋቂ ተሞልቷል፣ ምንም አልሰማሁም እያለ መሣሪያውን ሰበሰበ። ናና ፍሬማም ምክራቸውን ሰጡ፦ ጉማጁ ይቃጠል፣ ባዱም ለሹመቱ፣ እስከ ቅዳሜ ነጭ በርጩማ ያድርስ፤ የተገዛች ሴት ዘር መሆኗ ከታወቀ ቤቱ አይሾማትም። ዱፊ ግን እጇን ከብረቱ ለማውጣት አልቸኮለችም። የቀሩትን ሌሊቶች እንቅልፍ ሳይወስዳት አነጋች፤ አንጓዋን ደጋግማ ታሽ ነበር።

ቅዳሜ ግቢው ጥቁርና ቀይ በለበሰ ዘመድ ሞላ። የቤቱ አለቃ ሳርፎ በርጩማው የት አለ ሲል፣ ሁለት ጎልማሶች ጉማጁን እንዳለ፣ ሳይጠረብ ተሸክመው መሐል አስቀመጡት። አንዳንዱ ሳቀ። ወጥ ቤቷን ይዛ ልትሾም ነው የሚልም ነበር። ዱፊ ተቀመጠችና እጇን በብረቱ አሾለከች።

ሳቁ ቆመ።

«ሕጋችን የሌላውን ዘር አትናገር ይላል» አለች። «የራስን አልከለከለም።» ከዚያ ጉማጁን የተሸከመችውን የቅድመ አያቷን ታሪክ ነገረቻቸው፤ ሦስቱንም ሩጫ፣ ወንዙንም።

ሳርፎ በልጅነቱ ዝናብ የመታውን ሸሚዝ እዚያ ብረት ላይ ይሰቅል ነበር። አፉን በእጁ ከደነ። ዱፊን አንዴ፣ ብረቱን አንዴ አየ። በሌላ እጁ የያዘው የመሾሚያው መጠጥ ዘንበል ብሎ መሬት ላይ ፈሰሰ።

ከጉማጁ ተነሺ ያላት ግን አልነበረም።