በሁለት እግሩ የቆመው ፎቅ

አርክቴክቷ ያንን ፎቅ ስትነድፍ መጀመሪያ የሣለችው ጫፉን ሳይሆን እግሮቹን ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሕንፃ እንዲያርፍበት በተመረጠው ቦታ ላይ ሰፈሩን ከገበያውና ከጤና ጣቢያው ጋር የሚያገናኝ የቆየ መንገድ ያልፋል። መንገዱን ከምትዘጋው ሕንፃውን ከታች ለሁለት ከፍላ እንደ ሰው እግር አቆመችውና መንገዱን በመሃል አሳለፈችው። ሁለቱ ማማዎች ከላይ ይገጥማሉ፤ ከታች ሻጩም፣ ተማሪውም፣ ከንቲባውም በአንድ ጥላ ሥር ይተላለፋሉ።

"ከተማው በሥሩ ካላለፈ ምኑን የከተማው ቤት ሆነ?" ትል ነበር።

ሕንፃውን ለመንደፍ የወጣውን ውድድር ያሸነፉት እሷና ቀጮ አብረው ነው። ቀጮ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዋ፣ በኋላም የሥራ ሸሪኳ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አክስቷ ናቸው፤ "ይሄ ልጅ በር አያስፈልገውም፣ በስንጥቁ ይገባል" እያሉ። እናቷ ከሞተች በኋላ ያሳደጓት እኚሁ አክስቷ ሲሆኑ፣ ቀጮም በተማሪነቱ ስንት ምሳ ከገበታቸው በልቷል።

የፎቁ ወሬ ሲሰማ ሰፈሩ ተነሣ። "መንገዳችን ሊዘጋ ነው" ተባለ፤ አቤቱታም ገባ። አርክቴክቷ የሕንፃውን ሞዴል ተሸክማ እዚያው ሰፈር ወዳለው የአክስቷ ሳሎን ሄደች፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። አክስቷ ሁለት ጣቶቻቸውን በሞዴሉ እግሮች መሃል አሳልፈው፣

"እኔ በዚህ ነው የማልፈው?" አሏት።

"በዚህ ነው፣ እቴቴ። ቃሌ ነው።"

አክስቷ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። "ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ዋሽታኝ አታውቅም። ዋሷ እኔ ነኝ።" አቤቱታው በዚያው ተተወ።

ሥራው ሲጋመስ አርክቴክቷ አረገዘች። እርግዝናው ከበዳትና ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። ቀጮ ሊጠይቃት መጥቶ፣ "አንቺ ልጅሽን ውለጂ፤ ፎቁን እኔ አምጬ እወልደዋለሁ" ብሎ አሳቃት። ከዚያ ወዲያ በስልክ ነበር የሚገናኙት። የሚልክላት ፎቶ ሁሉ ከላይኛው ፎቅ የተነሣ ነው።

"እግሮቹስ?" ትለዋለች።

"ቆመው! ሊሮጡ ምንም አልቀራቸው።"

በምርቃቱ ቀን ሕፃኑን ለባሏ ትታ አክስቷን ይዛ ሄደች። ፎቁ ከሩቅ ሲታይ ልክ እንዳሰበችው ነበር። ቀርበው ሲያዩት ግን ከአንዱ እግር እስከ ሌላው ድረስ ጥቁር የመስታወት ግድግዳ ተገትሯል። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ የጥሪ ካርድ ጠየቃቸው።

"ለመንገድም ካርድ አለው እንዴ?" አሉ አክስቷ።

"እዚህ መንገድ የለም፣ እናቴ። የክብር እንግዶች አዳራሽ ነው። በጀርባ በኩል ይዙሩ።"

አክስቷ መስታወቱን አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩዋት። "ግቢ። የጠሩት አንቺን ነው" ብለው ዞረው ሄዱ።

ቀጮን አዳራሹ ውስጥ ከባለሥልጣናት መሃል አገኘችው። እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችው።

"መንገዱ የታለ?"

"ለጥበቃ አይመችም አሉ። እምቢ ብንል ሥራውን ለሌላ ይሰጡት ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ተኝተሽ ነበር። ደም ግፊትሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው።"

"እነሱስ ‘አርክቴክቷ ምን አለች?’ አላሉህም?"

ቀጮ ወደ ባለሥልጣናቱ ዞር ብሎ አይቶ፣ "ተስማምታለች አልኳቸው" አለ። "ግን ስምሽን ከኔ በፊት ነው ያስቀረጽኩት። ነይ፣ የምርቃቱን ድንጋይ ላሳይሽ።"

እጁን ለቀቀችው። "ዓመቱን ሙሉ ስትዋሸኝ ድምፅህ አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም" አለችው። "እኔ ደግሞ ለልጄ ስም አውጣልኝ ብዬህ ነበር።"

ለሽልማት ስትጠራ መድረኩ ላይ ወጣች። "ይህን ግድግዳ እኔ አልነደፍኩም፤ አልተስማማሁበትምም። ለሰፈሩ የሰጠሁት ቃል በስሜ ተሰብሯል" አለች። ከፊሉ ሰው ስላልገባው አጨበጨበ። መድረክ መሪው ማይኩን ተቀብሎ ሙዚቃ አዘዘ።

አክስቷን ቤታቸው አገኘቻቸው፤ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተቀምጠዋል።

"እቴቴ፣ አላወቅኩም።"

"እንዳላወቅሽ አምናለሁ።"

"ታዲያ ለምን አታዪኝም?"

"ቀጮ እኮ እኔን አልካደኝም፤ እሱ ባዳ ነው፣ ካንቺ ጋር ተነጋገሩ። ቃል የገባሽልኝ አንቺ ነሽ። ነገ የምታምጥ ሴት ይዘው በጀርባ ሲዞሩ የሚረግሙት እኔን ነው።"

ደረታቸው ላይ ልጥፍ ብላ ልታለቅስ የመጣችው ልጅ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ብቻዋን ሰፈሩን ቤት ለቤት ዞራ የሆነውን ተናገረች። አንዳንዱ አዘነላት፤ አንዳንዱ በሩን ሳይከፍት "ሰምተናል" አላት። ከቀጮ ጋር የነበራትን ቢሮ በዚያው ሳምንት ተወች። ስሟን ከድንጋዩ እንዲፍቁላት ብትጠይቅ፣ ድንጋዩ ይበላሻል አሏት። ከአክስቷ ጋር ዛሬም ይጠያየቃሉ፤ አክስቷም ሕፃኑን አቅፈው ያጫውቱታል። ስለ ሥራዋ ግን አንድም ቀን አይጠይቋትም፤ እሷም አታነሣባቸውም።