ተሳታፊ ሰባት

«አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ፣ ዶክተር!»

«አንዲትም ብትሆን ትወጣለች። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

«ባለፈው ሳምንት አሳይቼዎት ‹ይሁን› ብለውኛል።»

«ባለፈው ሳምንት አላነበብኩትማ!» ዶክተር ነአምን ወረቀቱን ከማተሚያው አጠገብ ጣል አደረገው። «ገመቺስ፣ ወንድሜ፣ የጥናት ሥነ ምግባር የሚባል ነገር አለ። የመረጃ ሰጪ ስም አይጠራም። እናትህ እዚህ ጥናት ውስጥ ተሳታፊ ሰባት ናቸው። አለቀ።»

«እሷ እኮ ‹ስሜ ይጠራ› ብላ ፈርማለች። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

«ቅጹን የሞላኸው አንተ፣ ልጃቸው አንተ፣ ማስተዋወቂያውን የጻፍከው አንተ። ሰው ምን ይለኛል? ‹የእማማ ጋዲሴን ጨዋታ ይዞ መድረክ ላይ ወጣ› አይለኝም?»

«ሐሳቡ የእሷ ከሆነስ?»

ይህቺ ቃል ገመቺስ ሳያስባት ነው ያመለጠችው። ዶክተር ነአምን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና መልሶ አደረገው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ማመልከቻህ እኔ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ታውቃለህ፣ አይደል?» አለ።

ገመቺስ ያውቃል። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ነገርም ያለ አይመስለውም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት፣ አባቱ አልጋ ላይ ሲውል፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ ባለችው በዚህች የጽሕፈት ሱቅ የሌሎችን መመረቂያ ሲተይብ፣ ሲያርምና ሲጠርዝ ኖሯል። ወደ ክፍል ለመመለስ የሚያስፈልገው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፊርማ ነው። ኃላፊው ዶክተር ነአምን ነው። ዶክተር ነአምን ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ «ሰኞ ና» እያለው ነው።

ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። በሦስት ሰዓት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ «የሐሳብ ቀን» ይከፈታል። ስድስት ተናጋሪዎች ተጋብዘዋል፤ እያንዳንዳቸው ከመናገራቸው በፊት በአንድ ደቂቃ ተኩል ማስተዋወቂያ ለሕዝቡ ይቀርባሉ። ስድስቱንም የጻፈው ገመቺስ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ለዓመታት ፕሮግራም መሪ ስለነበር፣ እንግዳ ሰባኪ ገና አፉን ሳይከፍት ምእመኑ እንዲወደው የማድረግ ተሰጥኦ ነበረው። መድረኩ ላይ ግን አይወጣም፤ ተማሪ አይደለምና። የሚያነበው ሰርክ የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የልብ ሐኪሙ የሕይወት ታሪካቸውን በዘጠኝ ገጽ ላኩ። የታክሲ ሰልፍ የሚያስቀር የስልክ መተግበሪያ ሠራሁ ያለው ወጣት በግማሽ ገጽ ውስጥ ራሱን አራት ጊዜ «ባለራእይ» ብሎ ጠራ። ሯጩ ወደ እንጦጦ ማርያም ሽቅብ እየሮጠ የላከው የድምፅ መልእክት ከቃሉ ትንፋሹ ይበዛ ነበር። ሠዓሊዋ ሰገነት «ሠዓሊ ነኝ፣ ካራ እኖራለሁ» ብላ ተወችው። ገመቺስ ከአንዱ እየቀነሰ፣ ለሌላው እየጨመረ፣ ሁሉንም ሰው አደረጋቸው። የዶክተር ነአምን ላይ ሲደርስ ነበር ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፋት፦ «የዚህ ሐሳብ መነሻ የካራዋ አራሽ የወይዘሮ ጋዲሴ ከበበ ቃል ነው።»

ውሸት አልነበረባትም። ከሦስት ዓመት በፊት ለዶክተር ነአምን ጥናት ድምፅ መቅረጫ ይዞ በከተማዋ ዳር ያለችውን ካራን ቤት ለቤት የዞረው ገመቺስ ነው። አርሰው ያደሩ፣ አሁን ዘበኛና ቸርቻሪ የሆኑ ሠላሳ ሰዎችን አናገረ። ሰባተኛዋ እናቱ ነበረች። ጥያቄው አልቆ መቅረጫውን ሊዘጋ ሲል፣ አሁን ፎቅ ወደቆመበት ወደ አባቷ ማሳ አገጯን ቀና አድርጋ እንዲህ አለች፦

«መጥተው መሬቱን ለኩት። ርዝመቱን ለኩ፣ ወርዱን ለኩ። ጥልቀቱን ግን ማንም አልለካም። የአባቴ ላብ ስንት ክንድ እንደወረደ ማን ያውቃል?»

የዶክተር ነአምን የዛሬ ንግግር ርእሱ «ያልተለካው ጥልቀት» ነው።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለ ዶክተር ነአምን፣ የኮቱን እጅጌ እየሳበ። «ሰኞ ብቅ በል፤ እንጨርሰዋለን።»

ገመቺስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ዓረፍተ ነገሯን አጠቆረና ሰረዛት። ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች ተሳስበው ክፍተቱን ደፈኑት፤ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። የማስተዋወቂያውን ካርድ አተመ።

አዳራሹ በር ላይ እናቱ ቆማ አገኛት። ለገና ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች። ቅዳሜ ለምትቸረችርበት ለሾላ ገበያ ዋናው ቀን ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቷን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብላ መጥታለች።

«አዮ፣ በጠዋቱ መጣሽ?»

«የመጀመሪያው ታክሲ ከካራ ሲነሳ ነው የተሳፈርኩት። ሰው ቢቀድመኝስ?» አንገትጌውን አስተካከለችለት። «ሐሙስ ጸሎት ላይ ለእህቶች ነገርኳቸው። ‹የጋዲሴ ስም ዩኒቨርሲቲ ሊጠራ ነው› ብለው እልል አሉ። እኔ ግን የእኔ አይደለም ያስደሰተኝ። ‹ከበበ› የሚለውን አልረሳህም አይደል?»

ሊነግራት አፉን ከፈተ።

«ገመቺስ! ካርዶቹስ?» ሰርክ ከውስጥ ተጣራች። «አምስት ደቂቃ ነው የቀረን፣ በናትህ!»

«ግቢ፣ አዮ» አላት። «አራተኛው ረድፍ፣ ዳር አካባቢ ተቀመጪ።»

እሱ ከመድረኩ ግራ፣ ሥዕሎቹን በትልቁ መጋረጃ ላይ በሚያሳየው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። ከዚያ ሆኖ እናቱን ሳይፈልግ ያያታል።

ሰርክ ድምፀ መልካም ናት። የልብ ሐኪሙን ስታስተዋውቅ ሕዝቡ ዝም አለ፤ የመተግበሪያውን ልጅ ስታስተዋውቅ ሳቀ፤ ሯጩ በስኒከር ወደ መድረኩ ሲወጣ አፏጨ። ጋዲሴ ሁሉንም በጥሞና ሰማች። «ሠዓሊ ሰገነት፤ ካራ ትኖራለች» ሲባል ግን ራሷን መግታት አቃታት።

«የእኛ ሰፈር ናት!» አለች ጮክ ብላ።

አዳራሹ ሳቀ፤ ክፋት የሌለው ሳቅ ነበር። ሠዓሊዋም ከመድረኩ እጇን አውለበለበችላት። ጋዲሴ አፏን በመዳፏ ሸፍና አብራ ሳቀች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ገመቺስ እናቱን እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል።

አምስተኛው ዶክተር ነአምን ነበር።

ሰርክ ካርዱን ስታነሳ ጋዲሴ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደሚጠሯት ተማሪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ዓረፍተ ነገሯን በቃሏ ታውቃታለች፤ ገመቺስ ሦስት ጊዜ አንብቦላታል። ሰርክ የዶክተሩን የትውልድ ቦታ አነበበች፣ ትምህርቱን፣ ሽልማቱን። ጋዲሴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለቻት። «አርሰው ያደሩ ሠላሳ ሰዎችን ታሪክ ያሰባሰበ» አለች ሰርክ፤ ጋዲሴ ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጥሎ የእሷ ነው።

«እነሆ፣ ዶክተር ነአምን!»

ጭብጨባው ተነሳ። የጋዲሴ ከንፈር ግን ዓረፍተ ነገሯን ብቻውን ጨረሳት። ከዚያ ዞራ ልጇን አየችው። ገመቺስ መስኮት ላይ ዝንብ እንደሚከታተል ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ተከለ።

ቀና ሲል አሁንም ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ገባው፤ ዶክተሩ ራሱ ይጠራኛል ብላ ነው።

ዶክተር ነአምን የተካነ ተናጋሪ ነው። ቀስ ብሎ ጀመረ፣ አሳቀ፣ አሳዘነ። የእነዚያን ሰዎች ሕይወት በቁጥር ነገረ። በመሐል «ተሳታፊ ሰባት፣ አርሳ ያደረች እናት፣ ዛሬ ሽንኩርት ትቸረችራለች» አለና አለፈ። ከዚያ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣ።

«አንድ ቀን ጠዋት እንጦጦ ላይ በእግሬ ስሄድ ቁልቁል ከተማዋን አየኋት። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። ይህን መሬት ስንለካ ርዝመቱን ለካን፤ ወርዱን ለካን...»

እጁን ለገመቺስ አነሳ። ገመቺስ ቁልፉን ተጫነ። በጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል፣ መጋረጃውን ሞልቶ፣ «ጥልቀቱን ግን ማንም አልለካም» የሚለው ወጣ። ከሥሩ «ዶ/ር ነአምን» ይላል። የፊደሉን ዓይነት የመረጠው፣ ስሙን ከሥሩ ያስቀመጠው ገመቺስ ራሱ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት፣ ማስተዋወቂያው ውስጥ ያቺ ዓረፍተ ነገር ስላለች ምን ችግር አለው ብሎ።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ መጋረጃውን ፎቶ አነሳ። ጋዲሴም ሁለት ጊዜ አጨበጨበች፤ ሰው ስላጨበጨበ። ሦስተኛው ላይ እጆቿ ሳይገናኙ ቀሩና ጭኗ ላይ ወረዱ።

ሰው መልሶ ሲቀመጥ እሷ ተነሣች። ስትገባ የተሰጣትን የፕሮግራም ወረቀት አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። አጠገቧ የነበረች ወጣት ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል ጉልበቷን ሰብስባ አሳለፈቻት። ጋዲሴ በዳር በኩል፣ ሰው እንዳትከልል ጎንበስ ብላ ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተች፤ የገባው ብርሃን የኋለኛውን ረድፍ ነካና ተመልሶ ወጣ።

መድረኩ ላይ ዶክተር ነአምን እጁን አነሳ። ገመቺስ ቀጣዩን ሥዕል አወጣ።