መስኮቱ እንደተከፈተ ይቆያል

አጎት ከወንበራቸው ተነሱ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ለቀስተኛው ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

«መስኮቱ» አሉ፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው፣ «እንደተከፈተ ይቆያል።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ክፍሉ ይሞቅ ነበርና ሁሉም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

የሟች እህት ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ወንድሟ ከተቀበረ ወዲህ የሚያበግናት ሞቱ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ቃልም ናት፦ ተሰጥኦ። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ያቺን ቃል ይዞ ይገባል። አሁን ደግሞ ድንጋይ ጠራቢው በሩ አጠገብ ሆኖ የመቃብሩን ጽሑፍ እየጠበቀ ነው። አጎት መርጠው ጨርሰዋል።

«‹ከነተሰጥኦው የተወለደ ቫዮሊን ተጫዋች።› አለቀ።»

«አይጻፍም፣ ጋሼ።»

«ለምን ልጄ? ሙገሳ እኮ ነው!»

«ሲወለድማ ምንም አይችልም ነበር! አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያደግነው። ሲጀምር ከሱ ሲጢጥ የሚል በር ይሻል ነበር።»

አንዱ ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

«‹ዕድሜ ልኩን ተለማመደ› ተብሎ ይጻፍለት» አለች።

«ድንጋይ ላይ? ሰው ምን ይላል? ቶሎ አይገባውም ነበር ይላል!»

አንድ ክረምት ሙሉ አንዲት መስመር ኖታ ሲደጋግም እሷ በእንቅልፏ ታዜማት ነበር። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ክሩ ላይ ደም ይቀር ነበር። አገጩ ሥር ቫዮሊኑ ያረፈበት ቦታ ከመጥቆሩ የተነሳ፣ ሊድሩት ሲሞክሩ የልጅቷ እናት «ይተላለፋል?» ብለው ጠይቀዋል። እኚሁ አጎት ያኔ «ድመት ማነቅህን ትተህ ሥራ ፈልግ» ይሉት ነበር። ኋላ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቆሞ ሲያጨበጭብለት እንኳ፣ በማግስቱ ያንኑ ቀርፋፋ ልምምድ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው ይይዘው ነበር።

የሚጀምረው ሁልጊዜ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የመልቀቂያ ደወል ሲደወል ነበር። ደወሉን ተከትለው እነሱ የሚኖሩበት ሕንጻ የጎረቤት መስኮቶች ጓ! ጓ! ጓ! እያሉ ይዘጋሉ። እሷ በንዴት ስታለቅስ፣ እሱ የቫዮሊኑን ደጋን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ይላል።

«እያጨበጨቡልኝ እኮ ነው። ስድ አትሁኚ፤ እጅ ንሺ!»

አንድ ቀን እንኳ እጅ ነስታ አታውቅም።

«እኛ ጎረቤቶቹማ» አሉ ከታች ፎቅ የሚኖሩት ሴትዮ፣ «ድምፁን ካልሰማን ቀኑ አይመሽልንም። ከልጅነቱ ጀምሮ መስኮታችንን ከፍተን ነው የምንጠብቀው። ተሰጥኦ ነዋ!»

«ሰማሽ?» አሉ አጎት፤ ወደ ጠራቢው ዞረውም «በል ጻፍ» አሉት።

ደወሉ ተደወለ።

ሴትዮዋ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተነሱ፤ መስኮቱን ጓ አድርገው ዘጉ፤ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«...እና እንዳልኳችሁ፣ መስኮታችንን ከፍተን—»

ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ተነስተው ቀርተዋል፤ መቆሙም መቀመጡም አላማራቸውም።

አጎት የኮታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ መልሰው ቆለፉ።

«እና ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ ጠራቢው።

«እሷን ጠይቃት» አሉ አጎት ቀስ ብለው።

እህት ተነሳች። ወደተዘጋው መስኮት ዞረች፤ ጎንበስ ብላም እጅ ነሳች።